የሶፋው አዲስ ልብስ

«እስቲ ተነሺ ቁንጫ፤ ከሥርሽ እንዳይሆን።»

ልጅቱ ከሶፋው ተነሳች። ወንድሟ የመቀመጫውን ትራስ አነሳ፤ እጁን በዚህም በዚያም ጠርዝ እስከ ክርኑ ሰዶ ዳበሰ። ምንም የለም። ከየት ይመጣል? ሶፋው አዲስ ልብስ ከለበሰ ገና አንድ ቀኑ ነው፤ ፍርፋሪ እንኳን አልገባበትም።

«ፓስፖርት እግር የለው!» አለ፣ ትራሱን መልሶ እየደበደበ። «ወይስ እኔን መጠበቅ ሰልችቶት ቀድሞኝ ተሳፈረ?»

ቀልዱን የሚስቅለት አላገኘም። እሱም አልሳቀም። ሻንጣውን እንደገና ወለሉ ላይ ዘረገፈው።

ልጅቱ ተመልሳ ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። መደገፍ አልቻለችም። ከጀርባዋ፣ ከአረንጓዴው ጨርቅና ከስፖንጁ ኋላ፣ ከእንጨቱ ጋር ተጣብቆ ያለውን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።

አውቶቡሱ የሚነሳው ነገ ጠዋት ነው።

ወንድሟ ትምህርቱን ከጨረሰ ጀምሮ የሠራው አንድ ሶፋ ቤት ውስጥ ነው። ሶፋ ቤት ይባል እንጂ ዋናው ሥራቸው ድንበር ተሻግረው የሚመላለሱ አውቶቡሶችን ወንበር ማልበስ ነበር። የተቀዳደዱ ወንበሮች ይመጣሉ፤ አሮጌው ልብስ ሲገፈፍ፣ መንገደኞች ሳያውቁት የጣሉት ነገር ከየስንጥቁ ይረግፋል። ወንድሟ ያንን እየለቃቀመ በኪሱ ይዞላት ይመጣ ነበር። ማንበብ የማይችሉት ጽሑፍ ያለበት የከረሜላ ወረቀት፣ ወፍ የተቀረጸበት ሳንቲም፣ አንድ እግር የሕፃን ካልሲ፤ አንዴ ደግሞ እንደ ጡብ የቀላ አሸዋ በላስቲክ ቋጥሮ መጣ። ጠረጴዛው ላይ አፈሰሰውና፣ «እስቲ ንገሪኝ፤ እንዲህ ዓይነት አሸዋ ያለው የት ነው?» አላት። የመጣላትን ፈጥራ ነገረችው። እሱም እውነት እንደነገረችው ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ ሰማት።

አንድ ቀን ሳንቲሙን በጣቶቹ እያገላበጠ፣ «ያለበስኩት ወንበር ሁሉ ድንበር ተሻግሯል፤» አለ። «እኔ ብቻ ነኝ እዚሁ የቀረሁት።»

ያን ጊዜ ቀልድ መስሏት ነበር። ቀልድ አልነበረም። ሥራውን ለቀቀ።

እቅዱን ለሰማው ያስቃል። በአውቶቡስ ብቻ መሄድ፤ ለአልጋ ላለመክፈል ወንበር ላይ መተኛት፤ ዳቦና ኦቾሎኒ እየበሉ መዋል፤ ገንዘቡ ሲያልቅ ደግሞ የሰው ወንበር እየጠገኑ መቀጠል። «ወንበር የማይቀደድበት አገር የለም፤» ይላል፣ ቆልማማዋን የሶፋ መርፌ ከፍ አድርጎ እያሳየ። «ይቺ ካለች አልራብም።»

እናታቸው የሆስፒታል ካርድ ክፍል ሠራተኛ ናት፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ስም ስትጠራ ትውልና ማታ ድምፅዋ ሻክሮ ትገባለች። ጉዳዩን የሰማች ቀን ግን ድምፅዋ ከየት እንደመጣ አይታወቅም። «የሰው ልጅ ሥራ ፍለጋ አገር ጥሎ ይሄዳል፤ የኔው ጉድ ሥራ ጥሎ አገር ሊያይ ይሄዳል! ለማን ይነገራል ይሄ?» በማግስቱ ወፍራም ካልሲ ገዝታ መጣችና ምንም ሳትናገር ሻንጣው ላይ ጣለችለት።

ልጅቱን ግን ማንም ምንም አልጠየቃትም።

ጠይቀዋት ቢሆን ኖሮም ምን እንደምትል እንጃ። ወንድሟ ሶፋ ሲያለብስ ትንንሾቹን ሚስማሮች አፉ ውስጥ ይይዛቸዋል፤ አንድ በአንድ በምላሱ ወደ ከንፈሩ እየገፋ ያወጣና ይመታቸዋል። ሰፈሩ ሁሉ «ሚስማሬ» የሚለው ለዚህ ነው። አፉ በሚስማር ሲሞላ ታዲያ መናገር አይችልም፣ መቆጣት አይችልም፣ መሳቅማ ከነጭራሹ አይችልም። ልጅቱ ምስጢሯን የምትነግረው ያን ጊዜ ነበር። አጠገቡ ቁጭ ብላ ጨርቁን እየያዘችለት፣ ሒሳብ ወድቃ ለእናቷ አለመናገሯን፣ በጓደኛዋ አዲስ ጫማ መቅናቷን፣ አንድ የክፍሏ ልጅ ሲያያት እጇን የት እንደምታደርገው እንደሚጠፋት ትነግረዋለች። እሱ «እም» ይላል በአፍንጫው። ሚስማሩ ሲያልቅ ብዙ አይናገርም። «ለእማዬ ንገሪያት፣ አትገልሽም» ወይም «እጅሽንማ ኪስሽ ክተቺው፣ ፋራ!» ይላታል። በቃ። ከዚህ በላይ ፈልጋም አታውቅ።

ትናንት የቤታቸውን ሶፋ ያለብስ ነበር። ከመሄዱ በፊት ለእናቱ የሚተውላት ስጦታ መሆኑ ነው። አሮጌውን ጨርቅ ገፎ፣ አዲስ ስፖንጅ በማስቲሽ ለጥፎ፣ እጁን ሊታጠብ ወደ ቧንቧው ወጣ። ፓስፖርቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ልጅቱ አነሳችው። ፎቶው ላይ ወንድሟ የሌላ ሰው ወንድም ይመስላል፤ ፀጉሩ ተበጥሮ፣ ዓይኑ ቀጥ ብሎ።

ልሰርቀው ብላ አልነበረም። ትንሽ ይፈልገው፣ ትንሽ ይደንግጥ፣ ማታ ትሰጠዋለች፤ ያሰበችው ይህን ብቻ ነው። በሩ ጋ እርምጃ ስትሰማ ደንግጣ፣ ክፍት በነበረው የሶፋ ጀርባ፣ በስፖንጁና በእንጨቱ መካከል ሸጎጠችው።

«ቁንጫ፣ ነይ ያዢልኝ።»

ያዘች። አረንጓዴውን ጨርቅ በሁለት እጇ ወጥራ ጎተተች። እሱ ሚስማሩን ጎርሶ መታ። ከዚያ በአፍንጫው «እ?» አላት፣ ቅንድቡን ከፍ አድርጎ። ዛሬስ ምን ወሬ አለሽ ማለቱ ነው።

«ምንም፤» አለች።

መዶሻው ቀጠለ። አንድ ሚስማር ተመታ፤ አሁን እናገራለሁ አለች በልቧ። ሌላው ተመታ። የመጨረሻው ጥግ ሲዘጋ እጇ ዝሎ ነበር፤ ወንድሟ ሶፋውን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ፣ «እንደዚህ ያማረ ሥራ ሠርቼ አላውቅም፤» አለ። ያንን ያማረ ሥራ ቅደደው እንዴት ትበለው? ማታ የተባለው ጊዜም እንዲሁ አለፈ።

በምሳ ሰዓት እናታቸው ከሥራ መጣች። የሥራ ጫማዋን እንኳን ሳታወልቅ ፍለጋው ውስጥ ገባች። ቪዛው ያለው ፓስፖርቱ ላይ ነው፤ ሌላ ማውጣት ደግሞ ወራት ይፈጃል፤ የተቆረጠው ቲኬት አይመለስም። ይህ ሁሉ አንዴ ተነግሮ አልቋል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰማው የመሳቢያ ድምፅ ብቻ ነበር።

ልጅቱ ወደ ማብሰያ ክፍሉ ስትገባ እናቷን የዱቄት ጣሳ ከፍታ በማንኪያ ስታማስል አገኘቻት።

«እማዬ፣ ፓስፖርት እዚህ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«ምን አውቃለሁ? ሌላ ያላየሁበት ቦታ የለም።»

«እንዲሄድ አትፈልጊም አልነበር?»

እናቷ የጣሳውን ክዳን ገጠመች። «አልፈልግም። አሁንም አልፈልግም።» ዱቄት የነካውን እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ግን ፊቱን አየሽው? እንዲያ ሆኖ እቤቴ ቢቀር፣ ልጄ ቀረልኝ ብዬ ነው የምደሰተው?»

ልጅቱ እንባዋ እንዳይታይ ማንኪያውን ተቀብላ ማጠብ ጀመረች።

እናቷ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ወንድሟ ሁሉንም ፈትሾ ሲጨርስ፣ ከበሩ ኋላ ተሰቅሎ የነበረውን አሮጌ የሥራ ጋዋን አውርዶ ለበሰ።

«የት ነው?» አለችው።

«ሶፋ ቤት፣ ጋሼ ጋ። ቦታዬን ሳይሞላው ላናግረው። ትሄጃለሽ?»

ሄደች። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ አፏን ከፈተች፤ አንዴ መኪና አለፈ፣ አንዴ ራሷ ዘጋችው።

የሶፋ ቤቱ ባለቤት ሜትር አንገቱ ላይ ጣል ያደረገ ወፍራም ሽማግሌ ነው። በሩ ላይ ሲያያቸው ሳቁ ቀደመው።

«ሚስማሬ! አልሄድክም እንዴ? ምነው፣ ድንበሩን ዘጉብህ?»

«ፓስፖርቴ ጠፋ ጋሼ። እና… ቦታዬ ካለ ብዬ ነው።»

ሽማግሌው ሳቁን ሰበሰበ። ወደ ውስጥ ዞር ብሎ አየ። በወንድሟ መሥሪያ ጠረጴዛ ላይ ሌላ ሰው ጎንበስ ብሎ ይሠራ ነበር።

«እንግዲህ እያየህ ነው፤» አለ ቀስ ብሎ። «ሰው ይዣለሁ። የልጆች አባት ነው። ሂድልኝ ልለው አልችልም።»

«አይ፣ እሱንማ አይነኩት። ስፖንጅ መቁረጥም ቢሆን፣ መጥረግም ቢሆን…»

«መቁረጥ አለ። ደሞዙ ግን የድሮህ አይደለም የኔ ልጅ።»

«እሺ ጋሼ።»

ልጅቱ ወንድሟን ከዚህ ሽማግሌ ጋር ሲከራከር፣ ሲቀልድ፣ ሲኳረፍ ብዙ ጊዜ ሰምታዋለች። «እሺ» ሲል ግን በዚህ ድምፅ ሰምታው አታውቅም።

ሲወጡ፣ በረንዳው ላይ ልብሱ የተገፈፈ የአውቶቡስ ወንበር ቆሟል። በመደገፊያውና በመቀመጫው መካከል፣ ከስንጥቁ፣ አንድ ሰማያዊ የከረሜላ ወረቀት ጫፉ ብቅ ብሏል። ወንድሟ አየው። እንዳየው እሷም አየች። እጁን ኪሱ ከቶ አለፈው።

ልጅቱ ቆመች።

«ምን ሆንሽ?» አላት።

«ልቅደምህ፤» አለችና ሮጠች።

ቤት ስትደርስ ትንፋሿ ተቆራርጦ ነበር። ሶፋውን ከግድግዳው ጎትታ ጀርባውን አዞረችው። የሚስማሮቹን ራስ በፒንሳ መንቀል እንዲህ ከባድ መሆኑን አታውቅም ነበር። አንዱ ሲወጣ ጨርቁ ትንሽ ተተረተረ። እጇ እስኪገባ ድረስ ነቀለች፤ ከስፖንጁ ኋላ የፓስፖርቱን ጠንካራ ሽፋን በጣቶቿ ጫፍ አገኘችው።

ወጣ። ምንም አልሆነም፤ ጥጉ ላይ ብቻ ማስቲሽ ነክቶታል።

ያኔ ሌላ ሐሳብ መጣላት። ወፍራሙ ጃኬቱ ወንበሩ ላይ ተሰቅሏል። የጃኬቱ ገበር ውስጥ ገብቶ ነበር ብትለውስ? ሶፋውን መልሳ ወደ ግድግዳው ብትገፋው ማን ጀርባውን ያያል? ወንድሟ ይስቃል፣ ብድግ አድርጎ ያዞራታል፣ እናቷም እፎይ ትላለች። ማንም አያውቅም።

ደረጃው ላይ ኮቴ ተሰማ። ልጅቱ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ሶፋውን አልገፋችውም።

ወንድሟ ገባ። መጀመሪያ ያየው የተቀደደውን ጨርቅ ነው። «ኧረ ምን ነካሽ! ምን እያደ…» ከዚያ እጇ ላይ ያለውን አየ።

«እኔ ነኝ፤» አለች። «ትናንት፣ ልትታጠብ ስትወጣ። ከዚያ ሚስማር መታህበት።»

«አንቺው ጨርቁን ይዘሽልኝ?»

«አዎ።»

ፓስፖርቱን ከእጇ ወሰደ። ቪዛው ያለበትን ገጽ ገልጦ አየና ዘጋው። ወደ መስኮቱ ሄዶ ጀርባውን ሰጥቷት ቆመ። ቢመታት፣ ቢጮህባት ይሻላት ነበር።

«አሁን እኮ ጋሼ ፊት…» አለ። አልጨረሰውም። ቆይቶ፣ «ለምን?» አለ።

«አንተ ከሄድክ ክፍላችን ውስጥ ማን አለኝ?»

ዞረ። ዓይኑ ቀልቷል። መጥቶ ፊት ለፊቷ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ፤ ጉልበታቸው ሊነካካ ምንም አልቀረው።

«ሳልጠይቅሽ ነው የወሰንኩት፤» አለ። «እማዬን ጠየቅኩ፣ ጋሼን ጠየቅኩ። አንቺን አልጠየቅኩም። አሁን ልጠይቅሽ። እንድሄድ ትፈልጊያለሽ?»

«አልፈልግም።»

ታች መንገዱ ላይ አንድ ሻጭ እየጮኸ አለፈ።

«ሂድ ግን፤» አለች።

ወንድሟ ፊቱን በመዳፉ ጠረገና በግማሽ ሳቅ ተነፈሰ። «ከአንድ ሶፋ ቤት ሁለቴ ሥራ የለቀቀ ሰው እኔ ብቻ ልሆን ነው። ጋሼ ምን ይለኝ ይሆን!» መዶሻውን ሊያነሳ እጁን ሰደደ። «ነይ፣ እማዬ ሳትመጣ እንዝጋው።»

ልጅቱ መዶሻውን ቀድማ አነሳችው። «ተወው። እኔ እዘጋዋለሁ። ለእማዬም እኔ እነግራታለሁ።»

«ትችያለሽ?»

«አላውቅም። አንተ ሻንጣህን አስገባ።»

ትንሽ አመነታ። ከዚያ ተነስቶ ወደ ክፍላቸው ገባ።

የመጀመሪያው ሚስማር ተጣመመ። ሁለተኛው በረረና የት እንደገባ ጠፋባት። ጨርቁን በአንድ እጅ ወጥሮ በሌላው መምታት ለካ ሁለት ሰው ነው የሚፈልገው፤ በጉልበቷ ደገፈችው። ከወዲያ የዕቃ ድምፅ ይሰማል፤ ሲታጠፍ፣ ሲጠቀጠቅ፣ ዚፑ እምቢ ሲል። መዶሻው አውራ ጣቷ ላይ አረፈ። ጥርሷን ነከሰች።

ክፍሉ ውስጥ ድምፁ ቆመ።

«አለሽ?» አላት ከዚያው ሆኖ።

ልጅቱ ጣቷን ከአፏ አወጣች። ሌላ ሚስማር ከወለሉ አነሳችና ጨርቁን መልሳ ወጠረች።

«አለሁ፤» አለችው።