ከኋላ ወንበር ሥር ያለችው ሽቦ

የሙሕሲን የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማው፣ ሥራውን «የግመል እረኛ» ይለዋል። ሙሕሲን ግን ጂዳ ከገባ ጀምሮ ግመል ያየው ሩዝ ላይ ተጋድሞ ነው። የሚውለው ሂንዳዊያ ሰፈር፣ የመኪና ድምፅ ማስተካከያ ሱቅ ውስጥ ነው። ከፊሉ፣ በስሙ ያስመጣው ሰው፣ ሌላ፤ የሚያሠራው ሰው ሌላ። ይህን የማያውቅ ፖሊስ አልነበረም፤ የሚጠይቅም አልነበረም።

ዘሊካን ያያት አሠሪዋ «ወፍራሙ ድምፅ፣ ቤዙ፣ ይንቀጠቀጣል» ብሎ መኪናውን ያመጣ ዕለት ነው። አሠሪዋ ባባ በሹፌሩ በር በኩል ቆሟል፤ ሚስቱ ማዳም ፊት ወንበር ላይ ስልክ ታወራለች፤ የቤት ሠራተኛቸው ዘሊካ ከኋላ፣ በስተቀኝ፣ የተኛ ሕፃን ታቅፋ ተቀምጣለች።

«ከኋላ ሆኖ የሚሰማልኝ ሰው እፈልጋለሁ» አለ ሙሕሲን በዐረብኛ።

«እሷ ትስማልህ» አለ ባባ።

ሙሕሲን በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ በአማርኛ ጠየቃት፤

«እህቴ፣ ድምፁ ከየት ይመጣል?»

«ከቀኝ በኩል።»

«አንቺስ?»

ዓይኗ የማዳም ጀርባ ላይ ነው።

«ከሐይቅ» አለች በመጨረሻ፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ።

«ምን አለች?» አለ ባባ።

«ቤዙ በዝቷል አለች።»

ዘሊካ ሳቋን በሕፃኑ ብርድ ልብስ አፈነችው።

ድምፅ ሲስተካከል አንድ ወንበር ይመረጣል። ዘፋኙ እዚያ የተቀመጠው ሰው ፊት የቆመ እስኪመስል፣ የአንዱ ስፒከር ድምፅ ቀደም፣ የሌላው ዘግየት ይደረጋል። ደንቡ የሹፌሩ ወንበር ነው። ሙሕሲን ለኋላው፣ ለቀኙ አስተካከለው። ከዚያው ወንበር ሥርም አንዲት ሽቦ በስሱ አላላ፤ ቀን ቆጥራ እንድትንጫጫ። ተንጫጫች። መኪናው ተመለሰ። ደግሞ ተመለሰ።

«ዘፋኙ ከጀርባዬ ተቀምጧል!» እያለ ባባ ይነጫነጫል። እነሱ ፊቱ ላይ ይዋደዳሉ።

«እንዲህ በመስኮት እያየሁሽ ልሙት?»

«ሥራህን ሥራ አንተ፤ ሰውየው እያየህ ነው።»

«ምን አለች?»

«ቀጭኑ ድምፅ ጆሮ ይወጋል አለች።»

«እውነቷን ነው» አለ ባባ፣ ጆሮውን እያሻሸ።

ከዚያ አዋጁ መጣ። ኢቃማው በሌላ ሰው ስም ያለ፣ ወይ ለሚያሠራው ያዛውር፣ ወይ ከአገር ይውጣ ተባለ። የሱቁ ባለቤት ላዛውርልህ አላለም፤ ትከሻውን ሰበቀ።

«ባባ ሹፌር ይፈልጋል» አለችው ዘሊካ በሚቀጥለው ምጣታቸው። «ወደሱ ካዛወረህ በግዳዲያ ሰፈር፣ እኛው ቤት ትሆናለህ። ኒካሕ አስረን እንጋባለን። ወላሂ፣ ዛሬውኑ ጠይቀው።»

ጠየቀው።

«መጀመሪያ ይሄን ጩኸት አጥፋልኝ» አለ ባባ፤ «ከዚያ ኢንሻአላህ።»

የባባን ኢንሻአላህ ሙሕሲን ያውቃታል፤ በር መዝጊያ ናት። ከወንበሩ ሥር ገብቶ ሽቦዋን ያዛት። ቢያጠብቃትና ሰውየው ቃሉን ቢያጥፍ፣ መኪናው ዳግም አይመጣም። እጁ አመነታ። እንደላላች ተዋት።

«አንዲት ዕቃ ጎድላለች፤ ነገ ይምጡ።»

«ነገ አይመቸኝም። ሰኞ።»

የአዋጁ ቀነ ገደብ የሚያልቀው እሑድ ነበር።

ሰኞ አፈሳው ተጀመረ፤ ሂንዳዊያ ጭር አለ። አብሮት የሚኖረው ዳምጤ የቤታቸው በር ላይ ተገትሮ፣ «አብደሃል? ዛሬ ለስፒከር ይወጣል?» አለው። ሙሕሲን ገፍቶት ወጣ። የባባ መኪናና የፖሊስ መኪና ሱቁ በር ላይ እኩል ደረሱ።

ፖሊሱ ኢቃማውን አገላበጠ። «ግመሎችህስ?» አለና ሳቀ።

«ባባ፣ ሹፌራችን ነው በላቸው!» ዘሊካ ያን ያህል ጮኻ አታውቅም።

ባባ ሰዓቱን አየ። «ወረቀት ላይ የለም» አለ።

ሙሕሲን ከፖሊስ መኪናው ፍርግርግ ውስጥ ተጣራ፤

«ዘሊ! ሽቦዋን ያላላኋት እኔ ነኝ፤ ከወንበርሽ ሥር ናት። እንዳላጣሽ ብዬ ነው። ጩኸቱን አጥፋ ስባል ባጠብቃት ኖሮ... ጠብቂኝ ለማለት አፍ የለኝም። አትጠብቂኝ ማለትም አልችልም።»

«ምን አለ?» አለ ባባ።

ዘሊካ ወደ ባባ ዞረች።

«ከወንበሬ ሥር አንዲት ሽቦ ላልታለች፤ አጥብቋት አለ።»

ባባ ጎንበስ ብሎ አጠበቃት።

የማዳም እናት መካ፣ ሩሰይፋ ሰፈር ነው የምትኖረው። ወደዚያው ሲጓዙ መኪናው ኩልል ብሎ ዘፈነ። «እንዲህ ቀላል ነገር!» አለ ባባ። ጩኸቱ ስለጠፋ ዘፋኙ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርት ብሎ ዘሊካ ፊት ቆመ፤ ትንፋሹ ሳይቀር ይሰማል። የተመረጠው ወንበር የማን እንደነበር ያኔ ገባት። በመስኮቱ በኩል የተያዙት የሚከማቹበት የሹመይሲ አጥር ያልፋል፤ አውቶቡሶች ተሰልፈዋል፤ ሁሉም መስኮት ላይ ሰው አለ። የትኛው እሱ እንደሆነ አይለይም። መኪናውን አቁሙልኝ አይባል።

ሕፃኑን ወደ ግራ ክንዷ አዞረች። ቀኝ እጇን ከወንበሩ ሥር ሰደደች።

መኪናው ተንጫጫ።

«ደግሞ ምን ሆነ?!»

«የሠራው ሰው ነው የሚያውቀው» አለች ዘሊካ።

ከዚያ ወዲህ ባባ ጂዳ ውስጥ ያልሞከረው ባለሙያ የለም። ሁሉም ያጠብቁለታል። ቤታቸው በግዳዲያ ሳይደርስ ይንጫጫል።