ከሦስት መቶ ሜትር ወዲያ

ማመን የሚያቅታችሁ ተዉት፤ እኔ ግን እዚያው ነበርኩ።

ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል። ሁለተኛ ፎቅ፣ የሞገድ ጥናት ክፍላችን። መደርደሪያው ላይ አንድ የእጅ ሬዲዮ ተቀምጧል።

ባትሪ የለውም። ይህን በደንብ ያዙልኝ... ባትሪ የለውም።

ሥራችን የሬዲዮ ሞገድ እስከ የት እንደሚደርስ መለካት ነው። የአካባቢው ፋብሪካና የማዕድን ጉድጓድ ሁሉ ሬዲዮ የሚተክለው የእኛን ቁጥር አምኖ ነው።

አምና የማዕድኑን ዋሻ ስንለካ መሣሪያውን የያዘልን የእህቴ ባል ነበር። እዚያው ቆፋሪ ነው። ደንባችን እንዲህ ነው፦ እሱ በየአሥር ሜትሩ ቆሞ ቁጥሩን ይጠራል፣ አለቃችን ጽፎ "ተጻፈ" ይላል። "ተጻፈ" ሳይባል ንቅንቅ የለም።

ሦስት መቶ ሜትር ላይ ጭቃ ገጠመን።

"እንቀጥል ወይ ጋሼ?" አለ የእህቴ ባል።

"በዚህ ጫማ? ይበቃል።" አለቃችን ወደ እኔ ዞረ። "አንተ፣ የቀረውን ወረቀቱ ላይ በማስመሪያ ቀጥለው።"

ቀጠልኩት። ቀጥ ያለ፣ ዓይን የሚሞላ መስመር ወጣልኝ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ዋሻው ተደረመሰ። የእህቴ ባል ከሦስት መቶ ሜትር ወዲያ ነበር።

አልወጣም።

በማግስቱ አለቃችን የቢሮውን ሬዲዮ ባትሪ በገዛ እጁ አወጣ። "ይንጫጫል" ብሎ።

ማክሰኞ እህቴ መጣች። ወንበር ሰጠናት፣ አልተቀመጠችም።

"ወንድሜ፣ እውነቱን ንገረኝ... በሬዲዮው ቢጣራ ይሰማ ነበር?"

አለቃችን ሪፖርቱን ገልጦ መስመሬን አሳያት። እኔን አየኝ።

"ይሰማ ነበር" አልኳት።

"ታዲያ ለምን አልተጣራም?"

"ደንግጦ ይሆናላ፣ የኔ እህት" አለ አለቃችን። "ሰው ሲደነግጥ..."

ጠቅ።

መደርደሪያው ላይ።

"ሦስት መቶ አሥር ሜትር... ሞገድ የለም።"

እህቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። የማን ድምፅ እንደሆነ ለእሷ መንገር አያስፈልግም።

ሬዲዮውን ገለበጥኩት። የባትሪው ቦታ አቧራ ብቻ ነው።

"ሦስት መቶ አሥር ሜትር... ሞገድ የለም።"

ያው ቁጥር። አልተንቀሳቀሰም።

እየጠበቀ ነው።

"ማንም እንዳይመልስለት" አለ አለቃችን በሹክሹክታ። ከንፈሩ ደርቋል።



"ሦስት መቶ አሥር ሜትር..." አሁን ደክሞታል። "ሞገድ የለም።"

"ተጻፈ።"

ያለው አለቃችን ነው። እስክሪብቶው በእጁ፣ መስመሬ ላይ።

እህቴ ቀስ ብላ ወደ ወረቀቱ ዞረች። ከዚያም ወደ እኔ።

ሬዲዮው ውስጥ እግር ከጭቃ ሲነቀል ተሰማ።

"ሦስት መቶ ሃያ ሜትር..."