የውብአየሁ ክንድ

ዳኜ አሥራትን የሰደበው ጥር 23 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ የጊዮርጊስ ዕለት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ቦታው ሰበታ፣ ራህመት ሱቅ ደጃፍ። የሰሙትም ባለሱቋ ራህመት፣ ልጇ የሱፍና የአሥራት የእንጀራ እናት የሺወርቅ ናቸው። ራህመት ስኳር እየመዘነች ስለነበር ቀና አላለችም። የሱፍ ጫማውን አየ። የሺወርቅ ሳቀች። አሥራት ከስድቡ ይልቅ አጥብቆ የያዘው ሳቋን ነው።

ነገሩ የተነሳው ከክንድ ነው። የአሥራት ግራ ክንድ ላይ የፈንጣጣ ክትባቱ መግሎ፣ ዙሪያው ቀልቶ፣ ሸሚዙ ተጣብቆበት ነበር። ዳኜ እጅጌውን በሁለት ጣቱ ከፍ አድርጎ አየና ፊቱን አጨማደደ። ከዚያ የእህቱን የየሺወርቅን ልጅ፣ የስድስት ዓመቷን ውብአየሁን፣ ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ የእሷን ክንድ ገለጠ። ምንም የለበትም፤ ልሙጥ ነው።

«አያችሁልኝ?» አለ ዳኜ። «በአንድ ሳምንት የተከተቡ ናቸው። ንጹሕ ደም መርዙን ይገፋዋል። የዲቃላ ደም ግን ይኸውላችሁ፣ ይመግላል።»

«አባታቸው አንድ አይደለም እንዴ?» አለች ራህመት፣ ዓይኗን ከሚዛኑ ሳታነሳ።

«ደም የሚለየው በእናት ነው» አለ ዳኜ።

ያኔ ነው የሺወርቅ የሳቀችው።

ዳኜ የምክትል ወረዳው መዝገብ ቤት ጸሐፊ ነው። ማኅተም የሚመታ ሰው ስለሆነ ሁሉን የሚያውቅ ይመስለዋል። አሥራትን ሲሰድብ የመጀመሪያው አልነበረም። ባለፈው መስከረም፣ ደመራ ሲበራ፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ «ይኼ ልጅ አውቶቡስ ላይ እንደተጫነ ትርፍ ሰው ነው፤ ኬላ ከመድረሱ በፊት ይወርዳል» ብሎታል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። አሥራት ደግሞ ቀኑን፣ ቦታውን፣ አጠገብ የቆመውን ሰው ሁሉ ነው የሚያስታውሰው።

ትርፍ መባሉ ግን ከነምክንያቱ ነው። የአሥራትና የውብአየሁ አባት ተድላ ከአራት ዓመት በፊት ለመካኒክነት ሥልጠና አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። ሥራ ያዘ፣ የመኖሪያ ወረቀት አገኘ፣ ቤተሰቡንም ለመውሰድ አመለከተ። ቤተሰብ የተባሉት ግን የሺወርቅና ውብአየሁ ናቸው። የአሥራትን እናትና ተድላን ቄስም ዳኛም አላጋባቸውም፤ የጋብቻ ወረቀት ከሌለ ደግሞ ኤምባሲው እንዲህ ያለውን ልጅ ከቁጥር አያስገባም። አባትየው «አንተ በኋላ ትመጣለህ» ብሎ ጻፈ። በኋላ ማለት መቼ እንደሆነ አልጻፈም። እናቱ መናገሻ ሌላ ባል አግብታ፣ ሌላ ልጆች ወልዳለች። ስለዚህ እነ የሺወርቅ ሲሄዱ አሥራት ዳኜ ቤት እንዲቀር ተወስኗል። እሱን ግን የጠየቀው ሰው አልነበረም።

አምና ጉዞው ሊሳካ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ቶሎ ይለቅልን ብለው የሐኪም ምርመራውን ቀድመው አደረጉ። የቃለ መጠይቁ ቀጠሮ ግን ዘገየ። ተጠርተው ሲሄዱ «የሐኪሙ ወረቀት ጊዜው አልፏል» ተባሉ፤ ወረፋው ለሌላ ሰው ሆነ። የሺወርቅ ወር ሙሉ አለቀሰች። ዘንድሮ ዳኜ ነገሩን በእጁ ያዘው። «የሐኪም ወረቀት እንደ ሥጋ ነው፤ ሲቆይ ይሸታል» አለና ምርመራውን ወደ መጨረሻ ገፋው። ሐሙስ ሐኪም፣ ሰኞ ቃለ መጠይቅ። በመካከሉ ለአንዲት ስህተት እንኳ ቦታ አልተወም። ይህ ወረፋ ካለፈ ደግሞ ሌላው መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም።

ስህተቱ ግን ተሠርቷል። ያለፈው ረቡዕ ውብአየሁ ጤና ጣቢያ ተከትባ ስትመለስ፣ የሺወርቅ ድልድዩ ሥር አስቁማቸው ከነጠላዋ ጫፍ የተቆረጠ ሎሚ ፈታች። ጎረቤቷ ተረፈች ናት የመከረቻት፦ ወዲያው በሎሚ ከታሸ አይመግልም፣ የልጅቷም ክንድ አይበላሽም። ውብአየሁን ተሸክሞ የነበረው አሥራት «ከታቢው ኦቦ ደቻሳ አትንኩት ብለዋል እኮ» አለ።

«አንተ ደግሞ መቼ ሐኪም ሆንክ?» አለችው። አሸችው፣ በውኃ አጠበችው።

ማክሰኞ ከስድቡ በኋላ የሱፍ ከሱቁ ጀርባ አገኘው። አሥራት ባዶ የጋዝ በርሜል ላይ ተቀምጧል።

«ተወው በናትህ። ጋሽ ዳኜ እኮ አፉ እንጂ ሌላው አይሠራም።»

«ክንዷ ላይ ምንም የለም» አለ አሥራት።

«ታዲያ ጥሩ አይደል?»

«ምኑ ነው ጥሩ? ኦቦ ደቻሳ ክፍል ገብቶ የነገረንን ረሳኸው? ካልመገለ አልያዘም። የኤምባሲው ሐኪም ክንዷን ገልጦ ነው የሚያየው። ምንም ከሌለ ተከትባችሁ ኑ ብሎ ይመልሳቸዋል።»

የሱፍ አፉን ያዘ፤ ከዚያ ሳቁ አመለጠው። «አቦ! ንጹሕ ደም ብሎ ሲፎክር!»

«ጤና ጣቢያው የሚከትበው ረቡዕ ረቡዕ ብቻ ነው። ነገ ካልተከተበች ለሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ሐኪም አይደርስላትም።»

የሱፍ ሳቁን አቆመ። በርሜሉ ላይ አጠገቡ ተቀመጠ።

«ዝም በላ» አለ ቀስ ብሎ። «አንተ ምን አገባህ? ሄዱም ቀሩም አንተ እንደሆን አትሄድ። ከቀሩ ደግሞ ውቤ እዚሁ ናት። ጋሽ ዳኜም በገዛ አፉ ይዋረዳል። ክፉ ሥራ እኮ አልሠራህም፤ ዝም ነው ያልከው። ፋራ አትሁን።»

የሱፍ ያለውን ሁሉ አሥራት አስቀድሞ አስቦታል። በቀል ብዙ ጊዜ ድፍረት ይጠይቃል፤ ይኼኛው ግን አንድ ቀን አፍን መያዝ ብቻ ነው።

አመሻሽ ላይ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ሳለ ውብአየሁ መጥታ ፊት ለፊቱ ቆመች። እጆቿን ከኋላ አጣመረች።

«አሥርዬ፣ ፈረንጅ ሁንልኝ።»

ሰሞኑን ጨዋታዋ ይኼ ነው። አሥራት ጀርባውን አቀና፤ ድምፁን በአፍንጫው አወጣ።

«ስምሽ ማን ነው?»

«ውብአየሁ ተድላ።»

«አባትሽ የት ነው?»

«አሜሪካ።»

«እህት ወንድም አለሽ?»

ውብአየሁ ወደ ቤት ውስጥ ገልመጥ ብላ አየች። «የለኝም» አለች። ወዲያው ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ጋሼ ዳኜ ነው እንደዚህ በዪ ያለኝ። ወረቀቱ ላይ ስለሌለህ ነው። ተናደድክ?»

«አልተናደድኩም።»

ተናዷል። የሱፍ ትክክል ነው፣ ነገ ዝም ነው የምለው ብሎ ለራሱ ወሰነ። ውብአየሁ ግን አልሄደችም። የተጣበቀውን እጅጌውን እያየች ነው።

«ያማል?»

«ያሳክካል።»

«የእኔ ለምንድን ነው ያልወጣው? መርፌውን ሲወጋኝ አላለቀስኩም እኮ። ኦቦ ደቻሳ ራሱ ጀግና ብሎኛል።» የራሷን ባዶ ክንድ ወደ ጨለመው ሰማይ አዙራ አየችው። «ፈረንጁ ክንድሽን አሳዪኝ ካለኝስ? ምን አሳየዋለሁ?»

እሷ ወደ ቤት ከገባች በኋላም አሥራት እዚያው ተቀምጦ ቆየ። ዳኜን ይቅር አላለም፤ የሺወርቅንም አላለም። ለክትባቱ ግን ይቅርታ አያስፈልግም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የሺወርቅ ወፍጮ ቤት እንደሄደች ውብአየሁን አዝሎ ወጣ። ትምህርት ቤት አልሄደም። ጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ተደርድረዋል። ድሬሰሩ ደቻሳ ውብአየሁን ሲያይ በኦሮምኛ ሰላም እያላት ፈገግ አለ።

«አካም ቡልቴ፣ ጀግናዬ?»

«ነጋ!» አለች ውብአየሁ።

ክንዷን ገልጦ አየ። ፈገግታው ጠፋ። «ይኼማ አልያዘም። ማን ጠረገው?»

ውብአየሁ አፏን ስትከፍት አሥራት እግሯን ረገጥ አደረጋት። «ላብ ይሆናል» አለ።

«ላብ!» አለ ደቻሳ። «ሰበታ ውስጥ ሎሚ የተወደደው ወዶ አይደለም። እናቷ ናት የላከችህ?»

«አዎ።»

ደቻሳ ትንሽ አየው። ያመነው አይመስልም፤ መርፌውን ግን አነሳ። ውብአየሁ ዓይኗን ጨፍና የአሥራትን አውራ ጣት ጨመቀች። ደቻሳ ሲጨርስ «ስማኝ» አለው። «ውኃ እንዳይነካው፣ ሎሚ እንዳይነካው። ይኼ እንደ ማኅተም ነው። ሐኪሙ የሚፈልገው እሱን ነው።»

የሺወርቅ ከወፍጮ ቤት ስትመለስ የውብአየሁን ክንድ አየችው። የተሸከመችውን የዱቄት ስልቻ ጣለችው።

«ምን አደረግሃት? ማን ፈቀደልህ?» እያለች ወደ ጓዳ ሮጠችና ሎሚ ይዛ ወጣች። አሥራት ውብአየሁን ከኋላው አድርጎ በሩ ላይ ቆመ። ከዚያ በፊት መንገድ ዘግቶባት አያውቅም።

«እትዬ የሺ፣ ይስሙኝ። የነገ ሳምንት ሐኪሙ ክንዷን ገልጦ ነው የሚያየው። ምንም ከሌለ ተከትባችሁ ኑ ይላችኋል። ያኔ ሰኞ አለፈ ማለት ነው።»

«ዳኜ ንጹሕ መሆኑ ጥሩ ነው ብሎኛል።»

«ጋሽ ዳኜ ማኅተም የሌለው ወረቀት ይቀበላሉ?»

የሺወርቅ ባለችበት ቆመች። አምናም እንዲህ፣ ሁሉ ነገር አለቀ ሲባል ነበር የተመለሰችው። ሎሚው እጇ ላይ ነው።

«ለምን ትናንት አልነገርከኝም?»

«ትናንት እየሳቁ ነበር።»

ዓይኗን ሰበረች። ሎሚውን መደብ ላይ አስቀመጠችው። «ዳኜ ሲያይ ምን እለዋለሁ?»

አሥራት ይኼንንም አስቦበታል። ዳኜ ነገሩ ከአሥራት እንደመጣ ከሰማ ላለመሸነፍ ሲል ብቻ የልጅቷን ክንድ በገዛ እጁ ያጥበዋል። ለሥራው ሳይሆን ለአፉ የሚኖር ሰው እንዲህ ነው።

«‹መያዝ አለበት ያልከኝ አንተ አይደለህ እንዴ?› ይበሏቸው። የእኔን ስም አያንሱ።»

«እንዲህ ብዬውማ እንዴት ያምነኛል?»

«ያምኑዎታል» አለ አሥራት። «ብልህ የሚያስብል ነገር ከሆነ እኔ ነኝ ያልኩት ይላሉ።»

እንዳለውም ሆነ። ዳኜ የውብአየሁን ክንድ ሲያይ መጀመሪያ ግንባሩን ቋጠረ፤ የሺወርቅ የተባለችውን ስትነግረው ግን ቀስ በቀስ ፈታው። ሳምንቱን ሙሉ ቤቱ ውስጥ ሎሚ አልታየም። ውብአየሁ ማታ ማታ ሲያተኩሳት አሥራት እንዳታክከው እጇን ይዞ ይቀመጥ ነበር። ክንዷ ቀላ፣ አበጠ፣ በመጨረሻም መሐሉ ነጣ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውቶቡስ ሲቆም አሥራት ከመንገዱ ዳር ነበር። ውብአየሁ ከደረጃው ሳትወርድ ጮኸች፦ «አሥርዬ! ፈረንጁ ክንዴን አየው! በጣቱ ነካው!»

ዳኜ ከኋላዋ ወረደ። የኮቱን የውስጥ ኪስ መታ መታ አደረገ፤ ወረቀቶቹ እዚያ ናቸው። ሰኞ ከየሺወርቅ ጋር አብሮ ሄዶ አስተርጓሚውን የሚያነጋግረው እሱ ነው። ተረፈች ከመንገድ ማዶ ስታየው እየሮጠች መጣች።

«እንዴት ሆነ?»

«እንዴት ይሆናል? አለፉ እንጂ!» አለ ዳኜ። «ራጁም ደህና፣ ደሙም ደህና። ሐኪሙ ግን መጀመሪያ ያየው ምኑን መሰለሽ? ክንዷን! እዚያው ፊታችን አንዲቷን ልጅ ክንዷ ባዶ ነው ብሎ መለሳት። አንቺ ሎሚ ስትዪ እኔ ባልነቃ ኖሮ ዘንድሮም አልቆልን ነበር። እንደገና ትከተብ ያልኩት እኔ ነኝ።»

«እግዜር ይስጥህ ወንድም ዓለም!» አለች ተረፈች፣ እያፈረች።

የሺወርቅ መሬት መሬት ታያለች። ዳኜ አሥራት መቆሙን ያኔ ነው ልብ ያለው።

«አንተ! ምን ትገተራለህ? መስክርልኝ እንጂ። በዚህ ቤት የሚያስብ ሰው ማን ነው? ወይስ አንተ አሰብክላቸው?» ወደ ተረፈች ዞረና ሳቀ። «የዚህን ልጅ ምክር ይዘን ብንሄድ ከኤምባሲው በር እንኳ አንደርስም።»

አሥራት የሚመልሰው ነገር አጥቶ አይደለም። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ሳምንቱን ሙሉ ሲያሳጥራት፣ ሲያስተካክላት ነው የከረመው። ተረፈችና ከአውቶቡሱ የሚወርደው ሰው ሁሉ እንዲሰማት አድርጎ ሊላት ይችል ነበር። የዳኜ እጅ አሁንም ኪሱ ላይ ነው። ሰኞ ገና ነው።

የሺወርቅ ቀና አለች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ «ዳኜ፣ እንደ እውነቱ ከሆነ...» ልትል ነው። አሥራት ዓይን ዓይኗን እያየ ራሱን በትንሹ ነቀነቀ። አፏን ገጠመች።

አሥራት ውብአየሁን ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ አስቀመጣት፤ ያመመውን ክንዷን እንዳይነካ በሌላው በኩል ይዞ።

«እየጠየቅሁህ እኮ ነው!» አለ ዳኜ ከኋላው። «ደንቆሮ ነህ እንዴ?»

አሥራት ግራና ቀኙን አየ። አንድ የጭነት መኪና አሳልፎ አስፋልቱን ተሻገረ።