«ወንድሜን እንዳትሸጠው»

ባቡሩ ዘግይቶ የባርንስሊ ጣቢያ ሰው ሁሉ ሲያጉረመርም፣ ካላም ስልኩ ላይ አቀርቅሮ የፋንታሲ ቡድኑን ያስተካክል ነበር፤ ፋንታሲ በእውነተኛ ተጫዋቾች ብቃት ነጥብ የሚሰበሰብበት የእግር ኳስ ጨዋታ ነው። አጠገቡ የተቀመጠችው ልጅ አንገቷን ሰገግ አድርጋ አየችና ሳትጠየቅ ገባችበት።

«ይሄን ተከላካይ ልትሸጠው ነው?»

«ነጥብ አያመጣልኝማ!»

«ተው፣ እናቴ ታዝናለች።»

«እናትሽ ደግሞ ምን አገባቸው?»

«ልጇ ነዋ! ናታን ወንድሜ ነው። ወንድሜን እንዳትሸጠው።»

ካላም የተጫዋቹን ፎቶ አየ፤ ልጅቷን አየ። አፍንጫቸው አንድ ነው። ናታንን አልሸጠውም፤ የልጅቷን፣ የጄማን፣ ስልክ ቁጥር ሳይቀበልም ከባቡሩ አልወረደም።

የገና በዓል ሳይደርስ እሁድ እሁድ ጄማ ቤት ምሳ መብላት ጀመረ። እናቷ ሞሪን ትልቁን የሥጋ ቁራጭ ለእሱ ታነሳለች፤ በቤተሰቡ የፋንታሲ ውድድር ግን አትምረውም። ካላም የሚመካው በተቀያሪዎቹ ነበር።

«አንድ ሰው ሲጎዳ የሚፈርስ ቡድን፣ ቡድን አይባልም» ይላል። «የኔ ሰው ባይጫወት ተቀያሪው ራሱ ይገባል። ምንም አልሆንም!»

«አሁንስ አደረቅከን» ትለዋለች ጄማ፣ ሳቋን እየዋጠች።

አንድ አርብ ጄማ ፊቷ ጠቁሮ የካላም መኪና ውስጥ ገባች።

«ለማንም እንዳትናገር። የናታን ጉልበት አብጧል። አዲሱን ኮንትራት እስኪፈርም ደብቆ ነው የሚጫወተው። እማዬም አታውቅም።»

«ሙች፣ ለማንም አልናገርም።»

እውነትም ለማንም አልተናገረም። ቤቱ ገብቶ ግን የዝውውሩ ሰዓት ሳይዘጋ ናታንን ሸጦ ሌላ ተከላካይ ገዛ። ሞሪንን የሚበልጣት በጥቂት ነጥብ ነበርና እንዳትደርስበት ሰጋ። ዝውውሩን ቤተሰቡ ሁሉ እንደሚያየው እንኳ አላሰበም። ሰው አንዳንዴ እንዲህ ይደነቁራል።

እሁድ ከምሳ በኋላ ጨዋታውን አብረው ሲያዩ ናታን ጉልበቱን ይዞ ወደቀ። ሞሪን ጮኸች። ካላም ግን መጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነበር፤ እንኳን ሸጥኩት የሚል ደስታ። ወዲያው በራሱ አፈረ።

ናታንን በቃሬዛ ሲያወጡት ሞሪን ስልኳን አየች።

«ካላም ልጄ፣ አንተ ናታንን አርብ ዕለት ሸጠኸዋል። ምን አውቀህ ነው?»

ካላም ጄማን አየ። ጄማ መሬት መሬቱን አየች። ሞሪን ገባት።

«ታውቂ ነበር፣ ጄማ? ልጄ በታመመ እግሩ ሲሮጥ ዝም አልሽኝ?»

ጄማ እያለቀሰች ካላምን እስከ በር ሸኘችው።

«እኔ ጭንቄን ነገርኩህ፣ አንተ ነጥብ ሰበሰብክበት። ያ ሁሉ ተቀያሪ እያለህ ባትሸጠው ምን ይጎድልብህ ነበር?»

ጄማም በሩን ዘጋችው።

በሚቀጥለው ሳምንት ካላም ናታንን መልሶ ገዛው። ሐኪሞች ዘንድሮ አይጫወትም ብለው ነበር። ካላም ግን በየሳምንቱ ከአሥራ አንዱ መሃል ያሰልፈዋል፤ ናታን ስለማይጫወት ተቀያሪው ይገባል። ሌላው ሲጎዳ የሚገባ ሰው እያጣ ከደረጃው ቁልቁል ወረደ። የሥራ ጓደኞቹ «ቡድን ነው ወይስ ሆስፒታል?» ብለው ሳቁበት። እሱን የሚቆጠቁጠው ሌላ ነበር። ናታን ሲወድቅ ሶፋው ላይ የተሰማው ያ ደስታ።

ጸደይ ሲገባ፣ ያው ጣቢያ፣ ባቡሩ እንደ ልማዱ ዘግይቷል። አንድ ሰው አጠገቡ ተቀመጠ። ቀና ሲል ጄማ ናት።

«አሁንም አልሸጥከውም?»

«አልሸጠውም።»

«ነጥብ እኮ አያመጣልህም።»

«ተቀያሪ አለኝ» አለ፤ ስልኩንም ኪሱ ከተተ። «ጄማ፣ ያን ዕለት ናታን ሲወድቅ... ለአንድ አፍታ ደስ ብሎኝ ነበር።»

ጄማ ቦርሳዋን አጠገቧ አስቀመጠች።

«አውቃለሁ። ናታን ሲወድቅ ዞር ብዬ ያየሁት አንተን ነበር። ፊትህን አይቼዋለሁ።»

ካላም አቀረቀረ። ነገሩ እንዳበቃለት ተሰማው።

«እስክትነግረኝ ነው የጠበቅኩት» አለች። «ናታን ትናንት ሮጠ። እማዬም ይቅር ብላኛለች። አንተ ላይ ግን እኔ አሁንም አዝኛለሁ።»

ባቡሩ መጣ። ጄማ ቦርሳዋን አንስታ ተሳፈረች፤ ካላም እንደተቀመጠ መቅረቱን አይታ በሩ ላይ ቆማ ዞረች።

«ምነው? ቦታ ይዤ ልጠብቅህ እንዴ?»