የቁም ሙሾ

ኮሶዬ ላይ ነፋስ ሞልቷል፤ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ስለዚህ ከጎንደር በሚኒባስ መጥቶ፣ ጠጉራም ማይክ በረጅም ዘንግ ላይ ሰክቶ፣ ገደሉ አፋፍ ቆሞ ነፋስ የሚቀዳ ወጣት ያየች ቀን ወርቅውሃ ሳቋ አመለጣት። ከእናቷ ምግብ ቤት ደጃፍ ትሪ ይዛ ቆማ ነበር።

«ጎንደር ነፋስ ጠፍቶ ነው?» አለችው።

«አለ። የእናንተው ግን ያስፈራል።»

«እኛን አያስፈራንም።»

«ለምዳችሁት ነዋ» አለና ፈገግ ብሎ አያት። እሷ ዓይኗን ወደ ትሪው መለሰች፤ ትሪው ላይ ግን ምንም አልነበረም።

ስሙ ሙሉሰው ነው። ጎንደር፣ አራዳ ውስጥ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ከሁለት ጓደኞቹ ጋር የኮምፒውተር ጌም ይሠራል። የጌሙ ስም «ባዶ ቤት» ነው። ተጫዋቹ ደጋ ላይ ሰዎቹ ጥለውት የሄዱት ቤት ውስጥ ይገባል፤ አንዲት የማትታይ ሴት እያለቀሰች በየጓዳው ትፈልገዋለች፤ እሱ እየተደበቀ፣ ትንፋሹን እየዋጠ፣ በሕይወት ለመውጣት ይታገላል። ወርቅውሃ ይህን ስትሰማ፣ «ሰው ወድዶ ይፈራል?» ብላ ጠየቀችው።

«ያውም ተሰልፎ» አላት።

ከዚያ ወዲህ ነፋሱ ተቀድቶ አላልቅ አለ። በየሳምንቱ ቅዳሜ ይመጣል። አንዴ ያለፈው ተበላሽቷል ይላል፣ አንዴ ዝናብ ገብቶበታል ይላል። ክረምቱ ሲያበቃ ማይኩን ረስቶት መጣ፤ እሷም ምነው ብላ አልጠየቀችውም። አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው ብዙ ሳያወሩ ዋሉ። ሊሄድ ሲነሣ፣ «ኅዳር ላይ ሽማግሌ እልካለሁ» አላት። ወርቅውሃ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ በዚህ ሁሉ ዕድሜዋ እንደዚያ ኅዳር የናፈቀችው ነገር የለም።

አንድ ነገር ነግራዋለች። ወንድሟ የሻው የጭነት መኪና ረዳት ነበር፤ ካቻምና አዲ አርቃይ ቁልቁለት ላይ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። በቀብሩ ዕለት ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እሷ ድምፅ አልወጣት አለ። እናቷ ባንቺአየሁ ይህን እስከ ዛሬ አልረሳችላትም።

በመስከረም መጨረሻ አራዳ ድረስ ሄዳ ክፍሉን አየች። ግድግዳው ድምፅ እንዳያስገባ ብርድ ልብስ ተሰቅሎበታል።

«የሴትዮዋን ልቅሶ የሚያለቅስልኝ አጣሁ» አላት። «ያስለቀስኳቸው የከተማ ሴቶች ጉንፋን የያዛቸው ነው የሚመስሉት። አንቺ ግን ሙሾ ታውቂያለሽ።»

«ሰው ሳይሞት ሙሾ አይወረድም። ሟርት ነው።»

«የሞተ ሰው አለሽ እኮ» አለ ቀስ ብሎ።

መነሣት የነበረባት ያኔ ነው። ግን እጇን ይዞት ነበር፤ እሷም ሸክሙን ማውረድ ፈልጋ ነበር። «ዜማውን ብቻ ነው የምወስደው» ብሎ ማለላት። «ቃሉን አልነካም፤ ስሙን አልነካም።» ማይኩ ፊት ቆመች፤ ሁለት ዓመት የታፈነው ድምፅ ወጣ፦

«የሻው ወንድም ጋሻ፣ መንገዱ ምን አለህ፤
ቁልቁለት ስትወርድ፣ ማንስ ተቀበለህ።»

በጥቅምት፣ ጌሙ ጥር ላይ እንደሚለቀቅ የሚያስተዋውቅ ቪዲዮ ወጣ፤ በሦስት ቀን አገር አዳረሰ። ግማሹ ሰው «ጥር እስኪደርስ እንዴት ልቻል» ይላል። ሌላው «የሰው ሐዘን መጫወቻ ሲሆን ዝም ይባላል? ይታገድ» ይላል። አንድ ሰባኪ ጌሙን ከነስሙ አንሥቶ አወገዘው፤ በማግስቱ ተመልካቹ እጥፍ ሆነ። ይታገድ ባዩም ይለቀቅ ባዩም ያን ልቅሶ ደጋግሞ ይሰማዋል። የወርቅውሃ ስልክ አሮጌ ስለሆነ ቪዲዮ አይከፍትም፤ ወሬውን እንጂ ድምፁን አልሰማችም።

መጀመሪያ የሰማችው እናቷ ናት። ለሽርሽር የመጡ ተማሪዎች ምሳ ሲጠብቁ ስልካቸውን ከፈቱ፤ ባንቺአየሁ ወጥ እየጨለፈች የሟች ልጇን ስም ሰማች። ጭልፋውን አስቀመጠችና ወደ ጠረጴዛው ሄደች።

«ልጆቼ፣ እስቲ ድገሙልኝ።»

የወደደችው መስሏቸው ደገሙላት። እንደገና አለች፤ ሦስተኛ አሰሟት። «አያስፈራም?» አሏት እየሳቁ።

ወደ ጓዳ ተመልሳ ወርቅውሃ ፊት ቆመች። «ከእኔ ጋር ያላለቀስሽለትን፣ ለእነዚህ አለቀስሽላቸው?» አለች። ከዚያ በኋላ አላናገረቻትም።

ወሬው እግር አወጣ። ወጣቶች ከጎንደር እየመጡ «ሴትዮዋ አንቺ ነሽ?» ይሏታል። «ለቲክቶክ ነው፤ ትንሽ ብቻ አልቅሺልን።» አንዱማ ስትሸሽ እየተከተለ ቀረጻት፤ ብዙ ሰው አየው።

ሐሙስ ጠዋት አራዳ ወረደች። ጓደኞቹ አልነበሩም። ሙሉሰው ስታየው ቀጥኗል፤ ዓይኑ ግን ያበራል።

«የወንድሜን ሙሾ አውጣው» አለችው።

«ያለ ስሙ ሞክሬው ነበር። ስሙ ሲወጣ ድምፁ ባዶ ሆነብኝ። ወርቄ፣ ሰው ሁሉ የሚጠብቀው እሱን ነው። ሁለት ዓመት ለፍተንበታል።»

«ምለህልኛል።»

መስኮቱን ሲያይ፣ ወለሉን ሲያይ ቆየና ድንገት ፊቱ በራ። «የእኔን ስም አስገቢ።»

«ምን?»

«የሻውን እናውጣውና እኔን አልቅሺኝ። የቁም ተዝካር የሚያወጣ ሰው አለ አይደል? ይሄም የቁም ሙሾ ነው። እኔ ሟርት አልፈራም። እናትሽም ይረካሉ፤ ጌሙም ይተርፋል።»

እውነቱን ለመናገር፣ ይህን ያለው በፍቅር ነው። ራሱን የሰጣት መስሎታል። ወርቅውሃ ለረጅም ጊዜ አየችው፤ አንድ ቃል ጠበቀች። ተይው፣ ይቅርብን፣ የሚል ቃል ብቻ። እሱ ግን የማይኩን ገመድ እየሰካ ነበር።

«እንደ እውነተኛ ሬሳ ነው የማለቅስልህ» አለችው።

«እንደሱ ካልሆነማ ምን ዋጋ አለው?»

ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ለበሰች። ዓይኗን ጨፍና በየቅዳሜው የሚመጣውን ልጅ አሰበች፤ አሳሳቁን፣ ለነፋሱ የሚፈጥረውን ሰበብ፣ የእጁን ሙቀት። አንድ በአንድ እያነሣች «ነበር» አለችው።

«ሙሉሰው ወዳጄ፣ መንገዱ ምን አለህ፤
ቁልቁለት ስትወርድ፣ ማንስ ተቀበለህ።
ሰው ላስፈራ ብሎ፣ ቤት ሲሠራ ሳለ፤
ራሱ ገብቶ ቀረ፣ ማን ይክፈት እያለ።»

ስትጨርስ ጉንጯ ርሷል። እሱም ማዳመጫውን እንዳጠለቀ ዕንባውን በእጅጌው ጠረገ።

«ሸጋ ነው» አለ። «ከመጀመሪያው ይበልጣል። ግን መጨረሻው ላይ ወንበሬ ተንቋቋ። አንዴ ትደግሚልኛለሽ?»

ደገመችለት።

በማግስቱ አዲሱ ቪዲዮ ወጣ። ባንቺአየሁ በጎረቤት ስልክ አስከፍታ እስከ መጨረሻው ሰማችው፤ የሻው የለበትም። ልጇን ከተቀየመቻት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ «እህል ቅመሽ» አለቻት። «ልጁ አጥፍቶ ነበር፤ መለሰው። ይበቃኛል» አለች።

እሑድ፣ በተባለው ኅዳር፣ ከሙሉሰው የተላኩ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ታላቁ አያ አለበል ናቸው፤ ካባ ደርበው፣ ወንበር ቢሰጣቸው ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ልጅሽን ለልጃችን ብለው ጠየቁ። ባንቺአየሁ ቅሬታ እንደሌላት ተናግራ፣ «እሷንም ጠይቋት» አለች።

ወርቅውሃ ከጓዳ ወጥታ እጅ ነሣች።

«አያ፣ ደክማችሁ ነው የመጣችሁ። ሙሉሰው ግን ሞቷል።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «ምነው ልጄ» አሉ አንደኛው። «ጠዋት አብሮን ነው የመጣው። እዚያ መንገድ ዳር ማኪና ውስጥ ተቀምጧል።»

«ሐሙስ አለቀስኩለት። ሁለት ጊዜ፤ አንዴ አልበቃው ብሎ። ያለኝን ዕንባ ጨርሼበታለሁ። ያለቀስኩለትን ሰው ደግሞ አላገባም።»

እናቷ ክንዷን ያዘቻት። «ወርቅውሃ፣ ትወጂው የለም እንዴ?»

«እወደው ነበር፤ ከማንም በላይ።» ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። «አባቶቼ፣ እንግዲህ ነፍስ ይማር በሉልኝ።»

አያ አለበል ሰማንያ ዓመት ሙሉ በየልቅሶው ቤት ሲቆሙ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አፋቸው ከሐሳባቸው ቀደመ።

«ነፍስ ይማር» አሉ፣ ካባቸውን እየሰበሰቡ።