ከባዱና ቀላሉ ሌንስ

ጭልፊት የተገኘው ሐይቁ ዳር፣ ማማው ሥር፣ ድንጋይ ላይ ተንጋሎ ነው። ፊቱ ላይ የቀረው ግርምት ነበር፤ የሚያምነው ሰው ያልጠበቀውን ያደረገበት ይመስላል።

ጭልፊት ቅጽል ስሙ ነው። የወፍና የዱር እንስሳ ፎቶ አንሺ ነበር፤ ዓይኑ ስለማይስት ስሙ ወጣለት። ማማውን ከግንድና ከሳንቃ ያቆሙት እሱና ባልንጀራው ናቸው። እላዩ ላይ ተቀምጠው ወፍ ሲጠብቁ ይውላሉ። ባልንጀራውን ደግሞ ሰው መንታው ይለዋል፤ ከጭልፊት ተለይቶ ታይቶ አያውቅማ።

ለምርመራ የመጣችው ሴት መርፌ ትባላለች። ቀጭን ናት፤ ድምፅዋም ዝቅ ያለ ነው፤ ስትወጋ ግን አጥንት ድረስ ነው። ስትደርስ ሳጅኑ ሥራውን እንደጨረሰ ሰው እጁን እያራገፈ ነበር።

«ሚስቲቱ ናት» አላት።

«መጀመሪያ ደህና አደርሽ ይባላል።»

«ደህና አደሩ፣ እትዬ። ሚስቲቱ ናት። ትናንት ጠዋት ጎረቤት እየሰማ ‹ያንን ሌንስ ይዘህ ብትገባ አንተንም እሱንም ሐይቅ እከታችኋለሁ› ብላዋለች። ሌንሱን ጣውንቴ ነው የምትለው።»

«ሌንሱስ የት አለ?»

«ማማው ላይ፣ ቦርሳው ውስጥ። ትናንት ከሰዓት ነው የገዛው። ዚፑ እንደተዘጋ ነው፤ ማንንም አላስነካሁም።»

መርፌ ቀና ብላ ማማውን አየች። የላይኛው መደገፊያ ከወገብ በላይ ይደርሳል፤ ሰው ተደናቅፎ የሚያልፈው አይደለም። ቀጥሎ ማማው ላይ የተደገፈውን መሰላል አየች።

«ይህ እዚህ ነበር?»

«የለም፤ የሐይቁ ጥበቃ ነው ዳር ካለው ደንገል ውስጥ ጎትቶ ያመጣልኝ። ሲወርዱ እዚያ ይደብቁታል፤ ሌላ ሰው ወጥቶ ወፎቹን እንዳይረብሽ።»

«ታዲያ እሱ ከላይ ከወደቀ ማን ደበቀው? ሬሳ መሰላል አያነሳም፣ ሳጅን።»

ሳጅኑ ጣቱን ቀሰረ። «አላልኩም? ሚስቲቱ! እንደውም ጥበቃው ሲጠራት መጥታ ማማውን እየዞረች ‹ምን ክንፍ አለውና ወጣ፣ መሰላል እንኳ የለው› ስትል ነበር አሉ። ማስመሰል ነው።»

«ይሆናል» አለች መርፌ፤ አምና እንደሆነ ግን አያስታውቅም ነበር።

የሟች እናት ጥቁር ሻሻቸውን አጥብቀው ከዛፉ ሥር ቆመዋል። ማንም ሳይጠይቃቸው ተናገሩ።

«ልጄን የበላች ሴት የልጅ ልጄን አታሳድግም። ሕፃኗን ወስጃታለሁ። ልብሷንም ወስጃለሁ። ሳጅኑ ዛሬ አስራታለሁ ብሎኛል።»

«እስከ ማታ ይጠብቀኛል» አለች መርፌ። ሳጅኑ አንገቱን ደፋ።

*

ሚስቲቱ እቤት ነበረች። አጭር፣ ክንደ ቀጭን፣ አፈ ፈጣን ሴት ናት። የሕፃኗ አልጋ ባዶውን ቆሟል፤ እሷ ፊቷን ወደ አልጋው አድርጋ ተቀምጣለች።

«ትቀኚ ነበር?» አለቻት መርፌ።

«ታዲያስ! ከኔ ጎን ተኝቶ የሌንስ ሥዕል ነው የሚያየው። ከባዱን ልግዛ፣ ቀላሉን ልግዛ፣ ከባዱ ምስሉ ጥራት አለው፣ ቀላሉ ይመቻል። ወር ሙሉ! እኔን ሲያገባ እንኳ እንዲህ አላማረጠም።»

«በመጨረሻ የቱን መረጠ?»

«ከባዱን ነዋ! መንታው መርጦለታል፤ ሰው ሁሉ ያውቃል። አንዱ ሌንሱን፣ አንዱ መቆሚያውን ተሸክመው ሊዞሩ። እነሱ እኮ ተጋብተዋል፤ እኔ ልብስ አጣቢያቸው ነኝ።»

«መንታው እዚህ ይመጣል?»

«ሳይመጣ ይውላል? እኔ ግን እንደማልታይ ነኝ። ጭልፊት ‹ደክሞሻል፣ ተቀመጪ› ካለኝ መንታው ፊቱ ይጠቁራል። ሕፃን ልጅ ጡት ሲከለከል አይተዋል? እንደዚያ።»

«ትናንት ማታ ባልሽ ሳይገባ ሲቀር ለምን አልፈለግሽውም?»

ሴትዮዋ የባዶውን አልጋ ጨርቅ አስተካከለች። «መንታው ጋ አደረ አልኩ። ቅናቱ እግሬን ያዘኝ። ሄጄ ‹ባሌን ስጠኝ› ልበለው?» ከዚያ የመርፌን እጅ ያዘች። «እትዬ፣ እኔ አልገደልኩም። ይሰሩኝ ግድ የለኝም፤ ልጄን ግን አይውሰዱብኝ። እሳቸው ጋ ካደገች ‹እናትሽ አባትሽን ገደለች› እየተባለች ነው የምታድገው።»

*

የካሜራ ሱቁ ጠባብ ነው። ባለሱቁ ሸምገል ያለ ሰው፣ መነጽሩ ግንባሩ ላይ፣ ከእህቱ ጋር ይሠራል። ግድግዳው ላይ ዓሣ በአፏ የያዘች ወፍ ፎቶ ተሰቅሏል።

«የእርስዎ ነው?» አለች መርፌ።

«የጭልፊት ነው» አለ ባለሱቁ፤ ከንፈሩን ነከሰ። «ካሜራ አያያዝ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ ያውቃሉ? አሁን የገባ ሁሉ ‹ይህን ማን አነሳው› ይላል። እስቲ የኔን አንድ ቀን ይጠይቁ! አውርጄው ነበር። መልሼ ሰቀልኩት። ምን ላድርግ፣ ያምራል።»

«ትናንት ሲመሽስ?»

እህቱ ቀደመችው። «እስክንዘጋ እዚሁ ነበርን፤ ከዘጋንም በኋላ አብረን ነው የገባነው። ቀንቶ ሰው የሚገድል ቢሆን መጀመሪያ እኔን በገደለኝ።»

«ሌንሶቹን ያሳዩኝ።»

ባለሱቁ ሁለቱን ባንኮኒው ላይ አቆመ። መርፌ ከባዱን በሁለት እጅዋ አንስታ በበሩ በኩል ኤሌክትሪክ እንጨት ላይ ያለ ቁራ አየችበት። የቁራው ዓይን ፊቷ መጣ። ክንዷ ግን ወዲያው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ይህ ያለ መቆሚያ፣ ያለ ረዳት አይሆንም» አለ ባለሱቁ። «ጥቅሙ፣ ሲያቀርብም ሲያርቅም ሆዱ ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ቁመቱ አይለወጥም፤ አቧራ አይገባውም። ይኸኛው ቀላሉ ግን ሲያቀርብ እንደ ኤሊ አንገቱን ያወጣል። ብርሃን ሲቀንስ ትንሽ ይደክማል። ግን በእጅ ይዘው ይውላሉ።» ዘርግቶ አሳያትና መልሶ ሰበሰበው፤ ጎኑ ላይ ያለች ትንሽ ነገር ቀጭ አድርጎ ወደ ማሸጊያው ከተተው።

«ጭልፊት የገዛው የቱን ነው?»

ባለሱቁ ዙሪያውን አየ። «ለማንም እንዳትናገር ብሎኛል። ራሴ እነግራቸዋለሁ አለ። አሁን ግን… ቀላሉን ነው። ደግሞ ነገሩ ግራ ነው፤ እሱ እኮ ክንዱ ብረት ነው።»

«እኔን ነው ያስያዘኝ» አለች እህቱ እየሳቀች። «‹ያዥው፣ እጅሽ ሲዝል ንገሪኝ› ብሎ። ‹ምነው፣ ለኔ ልትገዛ ነው?› ብለው ቀላ። በቃ ይህን አለና ገዛ።»

መርፌ የእህትየዋን ቁመትና ቀጭን ክንድ ልብ ብላ አየች።

*

መንታው የሚኖረው አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻውን ነው። ባለሦስት እግሩ መቆሚያ ተወልውሎና ዘይት ተቀብቶ ጥግ ቆሟል። ግድግዳው ላይ ጭልፊት አለ፤ ጭልፊት ሲያነጣጥር፣ ጭልፊት ሲስቅ፣ ጭልፊት ጫማውን ሲያስር። ወፍ አንድም የለም።

«አንተ ወፍ አታነሳም?»

«እኔ እሱን ነው የማነሳው።» ዓይኑ አብጧል፤ ልቅሶው የውሸት አይመስልም። «ከልጅነታችን ነው፣ እትዬ። ካለ እኔ የትም አይሄድም።»

«ትናንት ከሰዓትስ?»

«ራሴን አሞኝ ተኝቼ ነበር። ሌንሱን ሊገዛ ብቻውን ሄደ። ከባዱን። እኔው ነኝ የመረጥኩለት፤ ያኛውማ መጫወቻ ነው፤ ሲወጣ ሲገባ አቧራ የሚጠጣ። የኛ ቀጥ ያለ ነው፤ መቆሚያዬ ላይ ሲቀመጥ ተራራ ነው። ላንድ ሰው ግን አይሆንም። ሁለት ሰው ይፈልጋል።»

«ከዚያ በኋላ አላየኸውም?»

«ሬሳውን ነው ያየሁት።» ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ምስኪን! ወር ሙሉ ተጨንቆ ገዝቶ፣ አንድ ወፍ እንኳ ሳያይበት፣ ቁልፉን እንኳ ሳይከፍት…»

መርፌ ለመነሳት ወንበሩን ልትገፋ ነበር። እጅዋ እዚያው ቀረ።

«አዎ» አለች ቀስ ብላ። «ሳይከፍተው።»

*

ሲመሻሽ ሁሉንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሚስቲቱ አንድ ጥግ፣ አማቷ ሌላ ጥግ ሆኑ። መንታው በሩ አጠገብ ቆመ። ሳጅኑ የእጅ ሰንሰለቱን ኪሱ ውስጥ እያንቀጫቀጨ ነው።

«ተው እንጂ ሳጅን፣ በግ አይደለም የምትጠራው» አለችው መርፌ። «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነው፤ ከመሰላሉ እንጀምር። ጭልፊት ሲወድቅ ላይ ሌላ ሰው ነበር። ያ ሰው ደንግጦ ወረደ። የደነገጠ ሰው ይሮጣል፤ ይህ ግን መሰላሉን ጎትቶ ደንገል ውስጥ ከተተ። ለምን? ሁልጊዜ ሲወርድ የሚያደርገው ስለሆነ። እጁ ለምዶት ነው፤ ልቡ አላዘዘውም። ሚስቲቱ መሰላል መኖሩንም አታውቅም።»

«ማስመሰል ነው አልኩ እኮ» አለ ሳጅኑ።

«እሺ፣ እሱን ተወው። ባለሱቅ፣ ጭልፊት የገዛውን ሌንስ ከርስዎና ከእህትዎ ሌላ ማን ያውቃል?»

«ማንም።»

«እዚህ ያላችሁ ሁሉ ከባዱን ገዛ ብላችሁ ታስቡ ነበር?»

ሚስቲቱ ራሷን ነቀነቀች። አማትየውም «ከባዱን ነው የገዛው፤ መንታው ነግሮኛል» አሉ።

መርፌ የሟችን ቦርሳ ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ ዚፑን ከፈተች። ቀላሉን ሌንስ አወጣች። ሚስቲቱ አንገቷን አሰገገች።

«መንታው፣ ዛሬ ‹ቁልፉን እንኳ ሳይከፍት› አልከኝ። የምን ቁልፍ ነው?»

«የ… የቦርሳው ነዋ።»

«ቦርሳው ዚፕ ነው። ቁልፍ የለውም።»

«እንግዲያስ የሌንሱ።»

«የሌንሱ። ጎሽ። ባለሱቅ፣ ከባዱ ሌንስ ላይ ቁልፉ የት ነው?»

ባለሱቁ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። «ከባዱማ ቁልፍ የለውም። ምን ሊቆለፍ? አይወጣ፣ አይገባ። ቀላሉ ነው ያለው። ቁልቁል ሲንጠለጠል አንገቱ በገዛ ክብደቱ ተንሸራቶ ይወጣል፤ እንዳይወጣ ትንሽ ቁልፍ አለችው። ትናንት ራሴ ነኝ ቆልፌ ያሸግኩለት።»

«እንደተቆለፈም አለ።» መርፌ ሌንሱን ወደ መንታው አዞረችው። «ከባዱን ገዛ ያልከኝ ሰው የቀላሉን ቁልፍ ከየት አየኸው? አለመከፈቱንስ ማን ነገረህ? ቦርሳውን ሳጅኑ ለማንም አላስነካም። ትናንት ሲመሽ ማማው ላይ ነበርክ። አውጥቶ አሳየህ። መለሰው። ከዚያ የነገረህን ነገር አልወደድከውም።»

መርፌ ሌንሱን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች።

«ክንደ ብረቱ ሰው ለምን ቀላሉን መረጠ? የባለሱቁን እህት ለምን አስያዛት? ቁሚ እስቲ፣ እህቴ። አንቺም ቁሚ።» ሚስቲቱና የባለሱቁ እህት ጎን ለጎን ቆሙ። ቁመታቸው አንድ፣ ክንዳቸው አንድ ነው። «የሚለካው የሚስቱን ክንድ ነበር።»

ሚስቲቱ እጅዋን አፏ ላይ ጫነች። «ለኔ? ለኔ ነው?»

መንታው በጀርባው በሩን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ።

«መደገፊያው ላይ ቁጭ ብሎ ነበር» አለ። «እየሳቀ። ‹ከእንግዲህ መቆሚያ መሸከም የለም፣ እፎይ በል። ይህን እሷም ትይዘዋለች። ተኳርፈን ልንቀር ነው፤ ከእሷ ጋር ልውጣ› አለኝ። ደግ የዋለልኝ መስሎት! ሃያ ዓመት የተሸከምኩትን መቆሚያ! ‹እኔስ?› አልኩት። ‹አንተማ ትመጣለህ አንዳንዴ› አለኝ። አንዳንዴ! እጄ ገፋው። እኔ አላውቅም፤ እጄ ነው።»

«እጅህማ ሥራ ያውቃል» አለች መርፌ። «መሰላሉንም መልሷል። አይጥ በበላ ዳዋ ሲመታ ግን አፍህ ዝም አለ። ቀኑን ሙሉ ይህችን ሴት ሊያስሯት ሲዘጋጁ እያየህ።»

«ትታሰር ብዬ ነበር» አለ መንታው። አልደበቀም። «እሷ ናት የወሰደችብኝ።»

ሚስቲቱ ሄዳ ፊቱ ቆመች። ሳጅኑ ሊይዛት ተንቀሳቀሰ፤ መርፌ በዓይኗ አስቆመችው።

«አልሄድም ነበር እኮ» አለች ሴትዮዋ። «ቢጠይቀኝ አልሄድም ነበር። ከፍታ ያዞረኛል። ወፍ ደግሞ እጠላለሁ። ስለጠየቀኝ ብቻ ደስ ብሎኝ ‹ሂድ፣ ከመንታው ጋር ሂድ› እለው ነበር። አንድ ማታ ብትታገስ ኖሮ መልሼ ለአንተ እሰጥህ ነበር።»

መንታው ጉልበቱን አቅፎ አጎነበሰ። ሳጅኑ ክንዱን ይዞ አነሳው፤ ሰንሰለቱንም ሳያንቀጫቅጭ አሰረው።

አማትየው ከጥጋቸው ወጡ። ሻሻቸውን አስተካከሉ።

«ልጅቷ እኔ ቤት ተኝታለች» አሉ። «አሁን መሽቷል። ነገ ከነልብሷ አመጣልሻለሁ።»

«ዛሬ» አለች ምራታቸው፤ ቀድማቸውም ወጣች።