ጌዲዮን በክዳኑ ላይ የጻፈው መጥሪያ

የማቀዝቀዣው ቧንቧ በፈነዳበት ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ «ጣዝማ» በምትባለው የጠፈር መርከብ የእንቅልፍ ክፍል ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንዷ የክፍሉ ኃላፊ እትዬ ፈለቀች ናቸው። ሁለተኛው የቧንቧ ሠራተኛው ምንተስኖት ነው፤ ጊታር ታቅፎ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ሦስተኛዋ እህቱ አስካለ ናት። እሷ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ከተኛች ስድስት ዓመት ሆኗታል።

በጣዝማ ላይ ሰው በተራ ይተኛል፤ ጉዞው ረጅም፣ ስንቁ ጥቂት ነውና። ተኚን የሚቀሰቅሰው ዜማ መጥሪያ ይባላል። ሰው ከመተኛቱ በፊት የቅርብ ዘመዱ ያንን ዜማ በእጁ እየተጫወተ አእምሮውን ያለማምደዋል። የተቀዳ ድምፅ አይሠራም። የተኚ ጆሮ የሞተሩን ጩኸት እንዲንቅ ስለሚሠለጥን፣ ከማሽን የሚወጣውን ሁሉ አብሮ ይንቃል። ቧንቧው እንደ ፈነዳ ሌሎቹ ተኚዎች አንድ በአንድ ተጠርተው ወጥተዋል። አንዱን ሚስቱ በፉጨት ጠራችው፤ አንዷን ልጇ ከበሮ መታላት።

የአስካለ ጠሪ ባሏ ጌዲዮን ነበር። ጌዲዮን ደግሞ አምና የመርከቧ ግድግዳ ሲቀደድ ሞቷል።

በሣጥኑ ክዳን ላይ በነጭ ቀለም የጻፈው መጥሪያ ግን አለ። የክላሲካል ጊታር ሙዚቃ ነው፤ የተጻፈውም በታብላቸር፣ ማለትም ኖታ ለማያውቅ ሰው በሚመች አጻጻፍ ነው። ስድስቱ መስመሮች ስድስቱ የጊታር ክሮች ናቸው፤ በመስመሩ ላይ ያለው ቁጥር ደግሞ ጣት በጊታሩ አንገት ላይ የሚያርፍበትን ቤት ይናገራል። ምንተስኖት አማቹ ከሞተ ጀምሮ ከሥራ መልስ ይህንኑ ሲለማመድ ከርሟል። ጣቶቹ ቆስለዋል፣ ድነዋል፣ ጠንክረዋል።

«በል ጀምር የኔ ልጅ» አሉ እትዬ ፈለቀች፣ በሣጥኑ ጎን ያለችውን መብራት እያዩ። መብራቷ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ ተለውጣለች። ቀይ ከሆነች ሙቀቱ የአስካለን አንጎል ይጎዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠራት የለም።

ምንተስኖት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተጫወተ። አንገቱ ላይ የተንጠለጠለው መካሪ የሚሉት ትንሽ የማስተማሪያ መሣሪያ ጣቶቹን ሲከታተል ቆይቶ፣ «ስህተት የለም» አለ።

አስካለ አልተንቀሳቀሰችም።

ደገመው፤ ሠለሰው። «ስህተት የለም» አለ መካሪ። የአስካለ ፊት እንደ ሰም ዝም ብሏል።

«እትዬ፣ እውነቱን ይንገሩኝ» አለ ምንተስኖት። «ያምራል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ጥርሱን ያመመው ሰው የሚያቃስት ይመስላል። ክላሲካል እንዲህ ይሆናል ብዬ ነው ዝም ያልኩህ።»

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነው።»

«ጌዲዮን ሲጫወት አልሰማኸውም?»

«እሷን ሲያለማምድ እኔም ተኝቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደግሞ እሷ እስክትነቃ አልነካውም ብሎ ሰቀለው።»

«እኔም የመተኛት ተራዬ ነበር» አሉና እጃቸውን አጣጠፉ።

ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ጊታሩ ተጠቅልሎበት የነበረውን ጨርቅ አንሥቶ ፊቱን ሊጠርግ ሲል እጁ ቆመ። ጨርቁ የጌዲዮን የሥራ ሸሚዝ ነው። ደረቱ ላይ በቀይ ክር የተሰፋው ስም ተገልብጧል። በዚህ ሸሚዝ ያልሳቀበት የመርከቧ ሰው የለም። ጌዲዮን ሲመልስ፣ «አቀርቅሬ እንዳነበው ነው፤ ለእናንተ ብዬ የሰፋሁት ይመስል» ይል ነበር።

ምንተስኖት ሸሚዙን አየ፤ ክዳኑን አየ፤ ከዚያ አቀርቅሮ የታቀፈውን ጊታር አየ። መካሪ ያስተማረው የላይኛው መስመር ቀጭኑ ክር ነው ብሎ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚጽፈውም እንደዚያ ነው። ጊታር ታቅፎ ለሚያቀረቅር ሰው ግን ከላይ ያለው ወፍራሙ ክር ነው።

«ገልብጦ ነው የጻፈው» አለ።

«ምኑን?»

«መጥሪያውን። እንደ ስሙ። በራሱ ዓይን እንደሚታየው።»

እትዬ ፈለቀች ወደ መብራቷ ዞሩ። ብርቱካንማ ሆናለች። «እና አሁን ልትማረው ነው?» አሉ፤ ድምፃቸው ቀጥኗል።

የላይኛውን መስመር ወፍራሙ ክር አድርጎ ጀመረ። ጣቶቹ ግን የለመዱትን አንተውም አሉ። ወደ ወፍራሙ ክር ሲልካቸው ወደ ቀጭኑ ይሸሻሉ። «ስህተት» አለ መካሪ። «ስህተት። ስህተት።» ምንተስኖት ከአንገቱ በጥሶ ሰጣቸው፤ እትዬም ወንበራቸው ላይ አድርገው ተቀመጡበት።

የመጀመሪያው ሐረግ እየተንገዳገደ ወጣ። ዜማ ነበረው። እትዬ ፈለቀች አፋቸውን ያዙ። ታብላቸሩ ጣት የት እንደሚያርፍ እንጂ ምን ያህል እንደሚቆይ አይናገርም፤ እሱም እያንዳንዱን ድምፅ ትንፋሹ እስከቻለ ያዘው። የሁለተኛው ሐረግ ጫፍ ላይ ትንሿ ጣት ሩቅ ቤት መድረስ አለባት። ተንጠራራች፣ አልደረሰችም፣ ክሩ ጮኸ። ትንሽ ወደ ኋላ ተመልሶ ጀመረ። እዚያው ላይ አመለጠው።

«አትመለስ፤ ዝለለው» አሉ እትዬ። የመብራቷ ጠርዝ ቀልቷል።

ሊዘል አልቻለም፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ጣቶቹ የሚያውቁት ከዚያች ቦታ ተነሥተው ብቻ ነው። ተመለሰ። አመለጠው። ክሩ እንደገና ጮኸ።

የአስካለ የዓይን ሽፋን ተንቀጠቀጠ።

እትዬ ፈለቀች ክዳኑን ሲከፍቱ ምንተስኖት ገና እየተጫወተ ነበር። እህቱ ዓይኗን ሳትገልጥ ፈገግ አለች። ድምፅዋ ደርቋል።

«ጌዲ» አለች። «እዚያች ቦታ ላይ አሁንም ትሳሳታለህ።»

ጣቶቹ ክሩ ላይ ቀሩ። ጌዲዮንም ያቺ ቦታ ታመልጠው ኖሯል፤ እሷም ዜማውን ከነስህተቱ ይዛ ተኝታ ኖሯል። እትዬ ፈለቀች ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ምንተስኖት ጊታሩን መሬት አስቀመጠ። መጀመሪያ ውኃ አጠጣት። ከዚያ ነገራት።